በግራ ጎኗ የተበሳችው መኪና

መኪናዬን በሬ ጎትቷት ያውቃል። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔ ብትሰሙት ስለሚሻለኝ ነው። ከወረታ እስከ ቁሐር ሚካኤል ታሪኩን የማያውቅ ሰው የለም። ያላየው ሁሉ አይቻለሁ ይላል፤ ያየው ደግሞ በየዓመቱ አንድ ጥማድ እየጨመረበት አሁን በሬዎቹ ስምንት ደርሰዋል። እውነቱ ሁለት በሬ ነው። ሁለቱም የአባቴ ናቸው።

መኪናዋ አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ወረታ ላይ ሥራ ፈትቼ በተቀመጥሁበት ዘመን፣ የፎገራን ሜዳ ሩዝ ወደ ከተማው መፈተጊያ የሚያመላልስ መኪና ቢኖረን ኑሯችን እንዴት እንደሚለወጥ ለአባቴ ያለ ዕረፍት የሰበክሁ እኔ ነኝ። አባቴ ገበሬ ናቸው። ከብቶቻቸውን የሚያውቁት ሌላው ሰው ዘመዱን በሚያውቅበት መንገድ ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነች፣ የት እንደተወለደች፣ ከማን ጋር እንደማትስማማ ቁጭ ብለው ይቆጥሩላችኋል። ስብከቴ ሲበዛባቸው ሁለት በሬና አንዲት ላም ሸጡ። በሬዎቹን ራሳቸው ነድተው ገበያ አወጧቸው። ላሟን ግን ነጋዴው መጥቶ ሲወስዳት አባቴ ጓሮ ገብተው፣ ምንም ያልላላ አጥር ሲያጠብቁ ቆዩ። ይህን ሳይ ማፈር ነበረብኝ። እኔ ግን ስለ ጎማ እያሰብሁ ነበር።

ችግሩ የፎገራ ክረምት ነው። ሐምሌ ሲገባ ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛል። ሩዙ ይህን ይወዳል፤ መኪና አይወድም። የእኔዋ የጭስ መውጫ ደግሞ ከሆዷ ሥር ተጋድሞ፣ ከመሬት አንድ ክንድ እንኳ ከፍ አይልም። በመጀመሪያው ክረምት ከአስፋልቱ ወርጄ ወደ ሰፈራችን ስገባ ውኃው ያን ያህል ጥልቅ አልመሰለኝም። መሃሉ ላይ ደነገጥሁና እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ፤ የጭሱ ግፊት ሲደክም ውኃው በዚያው በጭሱ መንገድ ገባና ሞተሩ ጠፋ።

አባቴ የቀራቸውን ጥማድ ከነቀንበሩ ይዘው መጡ። መኪናዋን በሰንሰለት ከቀንበሩ ጋር አሰሯት። እኔ መሪ ጨብጬ ተቀምጫለሁ፤ ሰዉ ግራና ቀኝ ቆሞ ያየኛል። አባቴ በሬዎቹን በየስማቸው እየጠሩ “አይዞህ፣ በርታ፣ ደረስን” ይሏቸዋል። ለእኔ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በሁለተኛውም ክረምት ያው ሆነ፤ ያው ቦታ፣ ያው ጥማድ። ልዩነቱ በዚህኛው ጊዜ በሬዎቹ መንገዱን መልመዳቸው ብቻ ነበር።

ደጃችን ከደረስን በኋላ አባቴ ቀንበሩን አወረዱና የበሬዎቹን ጫንቃ እያሻሹ ፍርዳቸውን ሰጡ።

“ስማኝ ልጄ። ለኅዳር ሚካኤል እቺ ነገር በራሷ እግር እዚህ ደጅ ትምጣ። ከመጣች የዘንድሮውን ሩዝ ትጭናለች። ካልመጣች ደላላ ለዚያው ቀን እቀጥራለሁ። እሷ ትሸጥና ላሜን እመልሳለሁ።”

“ላሟ አሁን የት እንዳለች በምን ይታወቃል አባባ?”

“ከሐሙሲት ወዲያ ናት” አሉ። “ሁለት ወልዳለች።”

ሰው ከሸጠ በኋላ እንዲህ የሚከታተል ከሆነ ነገሩ ቀልድ አይደለም ማለት ነው። አባቴ እስከዚያ ቀን ድረስ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም ነበር። ወረታ ሲሄዱ እንኳ እኔ በመኪና፣ እሳቸው በእግር እንሄድና ገበያ ላይ እንገናኝ ነበር።

መድኃኒቱን ያገኘሁት ከመንገድ ላይ ነው። ሐሙሲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ የሚያልፉትን ከባድ መኪኖች ሳይ፣ የአንዱ የጭስ ቱቦ ከሹፌሩ ክፍል ጀርባ እንደ ምሰሶ ሽቅብ ቆሟል። ወዲያው ገባኝ። ቱቦው ከጣሪያ በላይ ከወጣ ውኃ አይገባበትም። ውኃ እዚያ ድረስ ከመጣ ደግሞ የመኪና ነገር ቀርቶ የሁላችንም ነገር አብቅቷል።

ወረታ ላይ ከአንድ የሩዝ መፈተጊያ ጀርባ የተከራየኋት ግቢ ነበረችኝ። ከተበላሸ የመስኖ ፓምፕ የተረፈ የብረት ቱቦ አመጣሁና አብሮ አደጌን በያጁን ጠራሁት። በያጁ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ መልሱን ግን ሰምቶ አይከራከርም።

“ማርሚታውስ?” አለኝ። ማርሚታ ማለት ያ ጭሱ ሲያልፍበት ድምፁን የሚያፍነው ሆዳም ቆርቆሮ ነው።

“ማርሚታ ጉልበት ያንቃል። ቆርጠህ ጣለው” አልሁት። ይህን ያነበብሁት ስልኬ ላይ ነው። ጽሑፉ ስለ እሽቅድምድም መኪና መሆኑን አልነገርሁትም።

ቱቦውን በስተግራ፣ ከኋላዬ አቆመልኝ። ስናስነሳት መፈተጊያው ጣሪያ ላይ የነበሩት ርግቦች ተነሥተው ሄዱ፤ እስከ ማግስቱም አልተመለሱም። እኔ ድምፁን ጉልበት ነው ብዬ በደስታ ሰከርሁ። በያጁ ከንፈሬን አይቶ የምለውን ለመረዳት ይሞክር ነበር።

ከግቢዬ ፊት ለፊት የቤት መሥሪያ ዕቃ የሚሸጡ አንድ ሐጂ አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ የማላውቅ ሰው ናቸው። በሦስተኛው ቀን ቀስ ብለው ወደ ግቢዬ ገቡ።

“ልጄ፣ ሰሞኑን በጣት ነው የምሸጠው” አሉኝ። “ትናንት አንዱ ሁለት ጣት ቢያሳየኝ ሁለት ሚስማር ሰጠሁት። ሰውየው ሁለት ኪሎ ነበር የፈለገው። እሱም ለካ ቁጡ ነው።”

“ይቅርታ ሐጂ። አስተካክላለሁ።”

“አዎ፣ አስተካክል። ወይ እሷን ዝም አሰኛት፣ ወይ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ጣት መቁጠር አስተምር።”

ሐጂ ሲቆጡም ባዶ እጃቸውን አይመጡም። በብብታቸው አንድ ያረጀ፣ ባዶ የእሳት ማጥፊያ ይዘው ነበር። “ይኸ ሆዱ ሰፊ ነው፤ ድምፁን ይውጥልህ እንደሁ ሞክረው” ብለውኝ ሄዱ። እኔም ቀይ ማርሚታ ያለው የመጀመሪያው የፎገራ ሰው ለመሆን ተዘጋጀሁ።

ማርሚታ እንዴት እንደሚሠራ በስልኬ ቪዲዮ አየሁ። ሰውየው የሚናገረው በማላውቀው ቋንቋ ነበር፤ እጁን ግን አየሁት። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቧንቧ ከመሃል ይገባል፤ በቧንቧውና በውጭው ቆርቆሮ መካከል ድምፅ የሚመጥ ነገር ይጠቀጠቃል። ቀዳዳውን ቧንቧ ለማግኘት ሩቅ አልሄድሁም። የሩዝ መፈተጊያ ወንፊቱ ሲያረጅ ይጣላል፤ እሱን ጠቅልለን በየድነው። እስከዚህ ድረስ ሥራዬ በማንም ፊት አያሳፍርም።

የቀረው የሚጠቀጠቀው ነገር ነው። ሰውየው የጠቀጠቀው ጥጥ የሚመስል ቢጫ ነገር ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ጥጥ እሳት ካየ አመድ ነው። አንገቴን ቀና ባደርግ ከመፈተጊያው ጀርባ የሩዝ ገለፈት ተራራ ተቆልሏል። እሱም ብቻውን ይነዳል። በጭቃ ከተለወሰስ? የቤት ግድግዳ ስንመርግ ጭቃውን በጭድ ለውሰን አይደል? እሳት አይበላው፤ ጎረቤት ሲጣላም ድምፁን ያፍናል። በዚህ ሐሳቤ የተነሣ ራሴን አደነቅሁ። ጭቃውን በእግሬ ረግጬ፣ ገለፈቱን ነስንሼ፣ ሁለት ቀን እንዲቦካ ተውሁት። ከዚያ እስኪበቃው ድረስ ጠቀጠቅሁት፤ በያጁም በግራ ጎኗ ከቆመው ቱቦ ጋር በየደልኝ።

እዚህ ላይ ስሕተቴን ልብ በሉልኝ። ለምርጊት ቀይ አፈር ይፈለጋል፤ ይህን የእኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን ከመኪናዋ ጎማ ላይ የረገፈውን የሜዳችንን ጥቁር አፈር፣ ዋልካውን፣ አነሣሁ። ምክንያቱ እግሬ ሥር መሆኑ ብቻ ነበር።

ስናስነሳት ኩርፍ ያለች ላም ያህል እንኳ ድምፅ አላሰማችም። ሐጂ ከሱቃቸው ብቅ ብለው “ተነሥታለች?” ብለው ጠየቁኝ። ተነሥታለች ስላቸው እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። እስከ ገበያው ሁለት ጊዜ ነድቼ ተመለስሁ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ በያጁም “እኔ ነኝ የሠራሁት” ማለት ጀመረ። ኅዳር ገባ። ቱቦውን ያቆምሁለት ውኃም ከመንገዱ ላይ ደርቆ አለቀ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ማለዳ መኪናዋን አጥቤ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ወጣሁ። አስፋልቱ ላይ ዝም ብላ ሄደች። የአፈሩን መንገድ ይዘን ትንሽ እንደገፋን ግን ጉልበቷ ያንስ ጀመር። ነዳጁን እረግጣለሁ፤ እሷ ታቃስታለች። ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። ከቤታችን ሩብ ሰዓት በማይሞላ የእግር መንገድ ላይ፣ በታጨደውና ባልታጨደው ሩዝ መካከል፣ ሁለት ጊዜ አስላ ጠፋች። ቁልፉን ሳዞር ትነሣለች፣ ታስላለች፣ ትጠፋለች።

ከእሷ ጋር ስታገል ቀኑ ገፍቶ፣ ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ከንግሡ ይመለስ ነበር። አገር ምድሩ ነጭ ለብሶ በእኔ በኩል አለፈ። ማለፍ ብቻም አይደለም፤ ቆመ። የፎገራ ገበሬ ደግሞ የመስኖ ፓምፕ አለው፣ ከሌለውም ተከራይቶ ያውቃል፤ ስለዚህ ስለ ናፍጣ ሞተር አስተያየት የሌለው ሰው ሜዳው ላይ አይገኝም።

“ናፍጣው ውኃ ገብቶበት ነው፤ የኔም ፓምፕ ያለፈው በጋ እንዲሁ አርጎኝ ነበር” አለ አንዱ። ማጣሪያውን ፈትቼ አፈሰስሁት፤ ንጹሕ ናፍጣ ነው። “አየር ይዛ ነው” አለ ሁለተኛው። በቧንቧው የገባ አየር ካለ አስወጣሁ፤ ነጩ ሸሚዜ እዚህ ላይ ነጭ መሆኑን ተወ። “አቧራው አፍኗት ነው” አለ ሦስተኛው፤ የአየር ማጣሪያውን አውጥቼ አራገፍሁት። አንዲት እናት “ጠበል ብትረጯት” አሉ፤ ሲያሾፉ ይሁን ከልባቸው አልለየሁም። ያም ሆኖ ትነሣለች፣ ታስላለች፣ ትጠፋለች። ከፊት ያለውን ሁሉ ጠረጠርሁ። የራሴ እጅ የሠራውን ማርሚታ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብዬ አላየሁትም።

ከሁሉ የከፋው በሬ ለመጥራት እንኳ አለመቻሉ ነበር። በሚካኤል በሬ አይጠመድም። በዚህ መሃል ሰዉ መንገድ ለቀቀ፤ አባቴ ከነፍስ አባታቸው ጋር እየተጨዋወቱ መጡ። አባቴ ያንን ለዓመት በዓል ብቻ የሚወጣ ጋቢያቸውን ለብሰዋል። እኔ ቁልፍ ይዤ ሌላ ቡሎን ለመፍታት አጎንብሻለሁ።

“በሚካኤል ብረት ትፈታለህ ልጄ?” አሉኝ ቄሱ።

“አባ፣ መንገድ ላይ ቆመችብኝ።”

“ከብት ገደል ቢገባ በበዓልም ይወጣል፤ ነፍስ አለውና። ብረት ግን ነገም ብረት ነው። ነገ ትፈታዋለህ።”

ነገ ለእኔ ዋጋ የለውም። ደላላው ዛሬ ነው ደጃችን የሚመጣው፤ ምናልባትም ደርሶ ጠላ እየጠጣ ይሆናል። አባቴ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። “በሉ አባ፣ እንሂድ” ብለው ቢያልፉ ነገሩ ያበቃል፤ በሳምንቱ ላማቸው ደጃቸው ትታሰራለች። መኪናዋን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“አባ፣ እቺ እኮ ብረት አይደለችም” አሉ አባቴ። “ሁለት በሬና አንዲት ላም ናት። የሸጥኋቸው እኔ ነኝ፤ የማውቃትም እኔ ነኝ።”

“እንግዲያው እንደ ከብት ትታይ” አሉ ቄሱ። “ቁልፉን ግን አስቀምጠው።”

አባቴ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ከፊቷ ቆሙ።

“ትበላለች?”

“ናፍጣው በደንብ ይደርሳታል አባባ።”

“ትጠጣለች?”

“ውኃዋም ሙሉ ነው።”

“አፍንጫዋስ?”

“አሁን ነው ያጸዳሁላት።”

“ታወጣለች?”

ከጠዋት ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። አባቴ መልሴን ሳይጠብቁ ከኋላ በጭነት ማስቀመጫዋ ላይ ወጡና መዳፋቸውን በቱቦው አፍ ላይ አሳረፉ። “ቀስቅሳት” አሉኝ። ቀሰቀስኋት፤ አሳለች፣ ጠፋች። አባቴ መዳፋቸውን አዩት።

“ምንም ትንፋሽ የላትም። ታስገባለች እንጂ አታስወጣም” አሉ። “ነፍቷታል።”

ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። ነፍቷታል፣ ነፍቷታል። ስለ ፓምፕ የተከራከረው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ተስማማ፤ እርጥብ ሣር በልቶ ሆዱ የተነፋ ከብት ያላዳነ ሰው እዚያ አልነበረምና። እንዲህ ያለ ከብት በግራ ጎኑ ይበሳል፤ ነፋሱ ይወጣል፤ ከብቱ ይነሣል። የእኔም ማርሚታ በግራ ጎኗ ነው። ሁሉም ሰው ቀዩን እሳት ማጥፊያ አየ፤ እኔም በመጨረሻ አየሁት።

“መብሳት ሕክምና ነው፤ ሥራ አይባልም” አሉ ቄሱ።

ሹል ብረትና መዶሻ አመጣሁ። አባቴ በጣታቸው ቦታውን አሳዩኝ፤ “ከጎድኗ በስተኋላ፣ አንድ ስንዝር ዝቅ በል” ብለው ከፊት ለፊቱ ቆሙ። በአራተኛው ምት ቀዳዳው ተከፈተ። ገብቼ ቁልፉን አዞርሁና ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጥሁ።

የወጣውን ነገር በሙሉ አላየሁትም፤ መስታወት ውስጥ ያየሁት ጥቁር ነገር ብቻ ነበር። ዋልካው በሙቀት ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ በወንፊቱ ገብቶ ቧንቧውን ደፍኖት ኖሯል፤ ገለፈቱም ከስሏል። ያ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ በአባቴ ጋቢ ላይ ወጣ። ቄሱ የከብት ሕክምና ብዙ ያዩ ሰው ስለሆኑ አስቀድመው ገለል ብለው ነበር። ሞተሩ ግን ያገሣል፤ እንደ መጀመሪያው ቀን ያገሣል። ሜዳው ላይ የነበሩ ከብቶች ጅራታቸውን ሰቅለው ሮጡ።

ወርጄ አባቴ ፊት ቆምሁ። ከጋቢያቸው ላይ አንድ ጓል አንሥተው በጣታቸው ፈረከሱት፤ አሸተቱት።

“ዋልካ ነው” አሉ።

“አዎ አባባ።”

“ከኛው መሬት።”

“አዎ።”

“በዋልካ ቤት ሲመረግ የት አየህ?”

“አላየሁም።”

“ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ትንሽ ሳለህ እግርህ ገብቶብህ ስታለቅስ ያወጣሁህ እኔ ነኝ፤ ያንን እንኳ ረሳኸው?” ብለው ጋቢያቸውን አንድ ጊዜ አራገፉና በሩን ከፍተው ከጎኔ ተቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እኔ መሪውን ይዤ ማልቀስ አማረኝ፤ በድምፁ ብዛት ማንም አይሰማኝም ነበር፤ ግን ከጎኔ ስለነበሩ ተውሁት።

ድምፃችን ቀድሞን ስለደረሰ ደላላው የጠላ ዋንጫውን እንደያዘ ደጅ ወጥቶ ጠበቀን። መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት፤ ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ፤ ከግራ ጎኗ የሚወጣውን ጭስ አይቶም አልተከፋ። “በራሷ መጥታለች። ትሸጣለች፤ ገዢም አለኝ። ላሟንም ጠይቄልዎታለሁ፤ ሰዎቹ ይሰጧታል” አላቸው።

ይህን አልጠበቅሁም። ላሟ ከነጥጆቿ ልትመጣ ትችል ነበር። አባቴ ወርደው፣ ጋቢያቸው እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ ወደ ሐሙሲት በኩል ትንሽ አዩ። ከዚያ እንደገና ከኋላዋ ወጥተው መዳፋቸውን በቱቦው አፍ ላይ አሳረፉ።

“አሁን አትሸጥም” አሉት። “ዛሬ ነው ከሕመሟ የተነሣችው። የታመመ ከብት ለሰው አልሸጥም።”

ከዚያ ወዲህ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ማርሚታውን በደህና ነገር ለውጬዋለሁ፤ ሐጂም በአፋቸው መሸጥ ከጀመሩ ቆይተዋል። ደላላው ግን በየኅዳር ሚካኤል ይመጣል፣ “እንዴት ናት?” ብሎ ይጠይቃል። አባቴ ከጠላው ተነሥተው ይወጣሉ፤ አስነሳት ይሉኛል፤ መዳፋቸውን በቱቦው ላይ አድርገው ጥቂት ይቆያሉ። ከዚያ ራሳቸውን ነቅንቀው “ገና አላገገመችም” ይሉታል፤ እኔንም ሩዙን እንድጭን ያዙኛል።